ከደንገጎ መገንጠያ መኪናው ወዴት ይታጠፍ፤ ድሬዳዋ ወይስ ሐረር?

የለገሃር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ነው፤ በቤቴ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እልባት አጥቶ ከርሟል። ለሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ቁልቢ እንሄዳለን፤ ከንግሡ በኋላ የሚተርፈን ሦስት ሌሊት ብቻ ነው። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ ተወልዳ ያደገች የሐረር ልጅ ናት። ልጆቻችን ሁለቱም አዲስ አበባ በመወለዳቸው የእናታቸውንም ሆነ የአባታቸውን አገር በፎቶግራፍ እንጂ በዓይናቸው አላዩም። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቁልቢ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ደንገጎ ሲደርስ አንዱ መንገድ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ሌላው በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። ሦስት ሌሊት ለሁለት ከተማ እኩል ስለማይካፈል አንዷ ሁለት ሌሊት ታገኛለች፣ ሌላዋ አንድ። እንግዲህ መኪናው መገንጠያው ላይ መጀመሪያ ወዴት ይታጠፍ? ትርፏ ሌሊትስ ለማን ትሰጥ? ባለቤቴ ይህን ሁሉ እያነበበች መሆኑን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ፈላና በር

ይህ የሚያከራክር አልነበረም፤ ነገር ግን ተጠይቋልና እመልሳለሁ። በአገራችን ወግ ከሩቅ የመጣ ዘመድ አስቀድሞ የሚሳለመው ታላቁን ቤት ነው። የጁገል ግንብ በአሚር ኑር ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሲቆም ዛሬ ድሬዳዋ የምትባለው ቦታ ላይ የነበረው አሸዋና ግራር ነው። አምስቱ በሮች ማታ ማታ ሲዘጉ፣ ከተማይቱ በራሷ ስም ገንዘብ ስትቀርጽ፣ ከውስጥም ከውጭም ስንት አሚርና ስንት ነጋዴ ሲገባባትና ሲወጣባት ታናሽ እኅቷ ገና አልተፀነሰችም።

ደግሞም የድሬዳዋ ሰዎች ሲያወሩ ይህቺን ነገር ዘለል ያደርጓታል፦ በ1886 ዓ.ም. ለምድር ባቡሩ የተሰጠው ውል የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነበር የሚለው። ባቡሩ ወደ እኛ ሲመጣ ነበር፤ ዳገቱ አቃተውና ከተራራው ግርጌ ቀረ። የቀረበትም ቦታ መጀመሪያ የተጠራው «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነው። ስሟን ከእናቷ ተበድራ ዓለምን የተዋወቀች ከተማ ከእናቷ በፊት እንግዳ ልቀበል ስትል ነውር ነው። ልጆቹ በፈላና በር ይግቡ፤ ሁለቱን ሌሊት በሐረር ይደሩ፤ በሦስተኛው ቀን ለስንብት ወደ ቆላው ይውረዱ።

የሸሚኖ ልጅ

የፈላና በር ወንድሜ ታሪኩን በትክክል ጽፈዋል፤ የተረጎሙት ግን ለቤታቸው ነው። ባቡሩ ዳገቱ አቅቶት የቀረ ሳይሆን መሐንዲሶቹ ሒሳብ ሠርተው፣ ለአንዲት ከተማ ሲባል ያንን ሁሉ ተራራ መብሳት አያዋጣም ብለው፣ ከተማይቱን ወደ ሐዲዱ ማምጣት የመረጡበት ነገር ነው። «አዲስ ሐረር» የሚለውም ስም ከወረቀት አልፎ አልጸናም፤ ሕዝቡ ድሬ ዳዋ አለ፣ ድሬ ዳዋ ሆና ቀረች። ልጅ ያወጡላትን ስም አልቀበልም ብትል ያኔውኑ ከቤት ወጥታለች ማለት ነው።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኛ ሠፈር «ሸሚኖ» ከሚባሉት አንዱ። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ እስቲ አስቡት። ወደ መሀል አገር የሚገባው ዕቃ ሁሉ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እኛ ዘንድ ነበር። የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድ፣ የዓረብ፣ የፈረንሳይ ሰው በአንድ መንገድ ላይ ሱቅ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። አባቴ ትምህርት ቤት ብዙም አልገፋም፤ ሆኖም የአቴሊዬውን፣ የባቡር መጠገኛውን፣ መፍቻ ሁሉ በፈረንሳይኛ ስሙ ይጠራ ነበር፤ እኛም «ክሌ» የሚባለው አማርኛ መስሎን አደግን።

ስለ እንግዳ አቀባበል ከተነሣ ደግሞ፣ በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታስተናግድ ከአዲስ አበባ ሌላ ጨዋታ የተሰጠው ለማን ነበር? ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የተመደቡት በድሬዳዋ ስታዲየም ነው፤ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም ጉዞዋን የጀመረችው እዚያ ነው። ሐረር ስለ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ስለ ራምቦ ብዙ ታወራለች። መልካም ነው። ነገር ግን ያ ሰው በ1883 ዓ.ም. እግሩ ታሞ ሲወጣ ዐሥራ ስድስት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞት ነው በበረሃው ዘይላ የደረሰው። ድሬዳዋ ጥቂት ቀደም ብላ ተወልዳ ቢሆን ኖሮ ጋደም ብሎ በባቡር ይሸኝ ነበር።

መኪና ግርግር

በቃሬዛው ስቄያለሁ፤ ይሁን እንጂ መልስ አለኝ። ጥያቄው ልጆቹ ምን ቢያዩ ይሻላል የሚል ከሆነ፣ የድሬዳዋ ወዳጆቻችን እስካሁን የቆጠሩልን የሄደውን ነው። አሮጌው ባቡር ቆሟል፤ አዲሱ ደግሞ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ሆኖ ከዚራን ሳያያት ያልፋል። እኛ ዘንድ ግን የሚታየው አሁንም ይሠራል።

የተወለድኩት ስሜን በወሰድኩበት መንገድ ላይ ነው። ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ጁገል መሀል ስትገቡ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ መኪናቸውን በር ላይ አውጥተው የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ አለ፤ ስሙን ያገኘውም ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንዲት ሴት ጨርቋን ከጎረቤት ሱቅ ትገዛለች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ለሰፊው ትሰጣለች፣ እርሱ በዓይኑ ብቻ ይለካታል፤ እርሷ ወደ ገበያ ወርዳ እስክትመለስ ቀሚሱ ተሰፍቶ፣ ክሩ በጥርስ ተበጥሶ፣ ታጥፎ ይጠብቃታል። አባቴ አርባ ዓመት እዚያ ሰፍቷል። የቀኝ እግሩ ጫማ ከግራው ቀድሞ ያልቅ ነበር፤ መርገጫው ነው የሚበላው። ልጆቹ ይህንን ይዩ። ከዚያ አንድ የሐረሪ ቤት ያስገቧቸው፤ ከፍ ብሎ በተሠራው መደብ፣ ነደባው ላይ፣ እንደ ደረጃቸው ይቀመጡ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ስፌትና ሳህን ይቁጠሩ፣ በወተት የፈላ ሆጃ ይጠጡ። ድሬዳዋ ውስጥ ይህን ለማግኘት ተመልሶ ወደ ሐረር መሳፈር ያስፈልጋል።

ደቻቱ ማዶ

ወንድሜ መኪና ግርግር፣ ቀሚሱ ሐረር እንደሚሰፋ ማንም አይክድህም። ጨርቁስ ከየት መጣ? እናቶቻችን ከድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ እኛ ደግሞ ከታይዋን ገበያ ገዝተን በሚኒባስ ያወጣነው አይደለም? ቡናውም እንዲሁ ነው። ዓለም «የሐረር ቡና» ብሎ ያውቀዋል፤ እናቴ ግን ከነጠላዋ ላይ የቡና ገለባ እያራገፈች የምትመለሰው ድሬዳዋ ከሚገኝ መጋዘን ነበር፤ ወለሉ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ፍሬ በፍሬ ስትለቅም ትውላለች። ስሙ ለእናንተ፣ የወገብ ሕመሙ ለእኛ።

ከተማዬን ለልጆች ለማሳየት ሙዚየም አያስፈልገኝም። ቀን ላይ ምንም አታሳዩአቸው፤ በሩን ዝጉና አስተኟቸው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይነሣል። ያኔ ከተማው በሙሉ ፊቱን ታጥቦ ወደ ደጅ ይወጣል፤ አባወራው ሽርጡን አገልድሞ ወንበሩን ዛፍ ሥር ያወጣል፣ ባጂያና ሳምቡሳ የምትጠብሰው ሴት ከሰሏን ታራግባለች፣ ሕፃናት ከዚራ መንገድ ላይ ብስክሌት ይነዳሉ። ማታ ፍራሽ ወደ ግቢ ይወጣና ከዋክብት እየታዩ ይተኛል። የአዲስ አበባ ልጅ ውጭ አድሮ ያውቃል? አያውቅም። ሁለቱ ሌሊት ለድሬዳዋ ይገባል የምለው ለዚህ ነው፤ ሐረርን በቀን ማየት ይበቃል፣ ድሬዳዋ ግን የማታ ከተማ ናት።

ታዛቢ

ሰዎች፣ የሚሄዱት በሐምሌ መሆኑን አትርሱ። ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግተው ዝናብ ቢመጣባቸውስ?

ደቻቱ ማዶ

ፍራሽ የሚያስገባ ጎረቤት ሞልቷል።

ፈላና በር

ሐረር በቀን ትበቃለች የሚለውን እኅቴ ያሰቡበት አይመስለኝም፤ ጅቡ በቀን አይወጣምና። ከፈላና በር ውጭ ማታ ማታ የሚካሄደውን ቱሪስት ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰውየው ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ይሰጣል፣ ጅቡም በጨዋነት ተቀብሎ ይሄዳል። ነገር ግን ይህ የውጩ ገጽታ ነው። ከግንቡ ሥር የውሃ መውረጃ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅብ ሌሊት በእነዚያ ገብቶ በጠባቦቹ መንገዶች ሲዘዋወር ያድራል፣ የተጣለውን አጥንት ይጠርጋል፣ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። በአሹራ ቀን ደግሞ ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብለታል፤ እንዴትና ምን ያህል እንደበላ ታይቶ የዓመቱ ነገር ይተረጎማል። ከጠላቱ ጋር በውል የሚኖር ከተማ ለልጆች አያስደንቅም ትላላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ አንድ ሌሊት ከመስጊድ ስመለስ በቀጭን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተን፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አሳለፍኩት። ትከሻው ሆዴን ነክቶኛል። እስካሁን ሽታውን አልረሳሁትም።

ሳቢያን

ሁላችሁም ትልቁን ነገር ረሳችሁት። ሐረር የምትጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ የሐረር ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። መፍትሔው የተገኘው እኛ ዘንድ ነው፤ ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ተስቦ ያንን ሁሉ ዳገት በፓምፕ ወጥቶ ነው ሐረር የሚደርሰው። ባቡር ያልቻለውን ዳገት ውሃችን ወጥቶታል። ስለዚህ የጠያቂው ልጆች ሐረር ሄደው ሆጃ ሲጠጡ የድሬዳዋን ውሃ መጠጣታቸው ስለሆነ፣ ሁለቱንም ሌሊት ሐረር ቢያድሩ እንኳ ቅር አይለኝም።

ፈላና በር

ይህ ጥሩ ምት ነው፤ አልክድም። የሐሮማያ ውሃ በጠፋባቸው ዓመታት ቤት ውስጥ ውሃ በጣሳ የምናካፍለው እኔ ነበርኩ፤ ለእጅ መታጠቢያ የዋለው ለአበባ፣ ለአበባ የዋለው ለደጅ ማርጠቢያ ይሆን ነበር። ነገር ግን ውለታው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። እናንተ በቧንቧ ብትልኩልን እኛም የደጋውን ዝናብ በደቻቱ ወንዝ እንልክላችኋለን፤ ያለ ፓምፕ።

ደቻቱ ማዶ

ወንድም ፈላና በር፣ በሌላው ሁሉ ይቀለድ፤ በደቻቱ ግን አይቀለድብን። በክፋት እንዳልጻፉት አውቃለሁ፤ ሆኖም ስሜን የወሰድኩት ከዚያ ወንዝ ነውና መናገር አለብኝ። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ዕቃ ይዘረጋበታል፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ያቋርጠዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ከላይ ከተራራው የዘነበው መጣ። በከተማችን ላይ ይህን ያህል አልዘነበም ነበር፤ ለዚህም ነው ማንም ያልጠረጠረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እኔ በማግሥቱ ያየሁት የልብስ ሳጥን ነው፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ቁልፉ እንደተቆለፈ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ። ለሦስት ቀን የሚያወርደው ሰው አልተገኘም።

መኪና ግርግር

እኅቴ፣ ይህን ባታነሺው ኖሮ እኔም አላነሣውም ነበር። ያ ሐምሌ ለሐረር ምን ዓይነት ወር እንደነበረ ታስታውሳላችሁ? በወሩ መጀመሪያ ሳምንት ጁገል በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ ተመዝግባ ከተማው በደስታ ላይ ነበር። አባቴ አንድ ለበዓል የታዘዘ ልብስ መኪናው ላይ እንዳለ ነው ወሬው የደረሰን። ተነሥቶ ሱቁን ከፈተ፤ አንድ ጥቅል ነጭ አቡጀዲ አውጥቶ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ጎረቤቱም እንዲሁ። ፔጆ ታክሲ አስቆሙና ጭነው ወረዱ። ለምን አቡጀዲ እንደሆነ ልጅ ስለነበርኩ አልገባኝም፣ እናቴም አልነገረችኝም። በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፤ የበዓሉን ልብስ ከመኪናው ላይ ነቅሎ አጣጥፎ ለባለቤቱ ሳይጨርሰው መለሰለት። ከዚያ በኋላ ድሬዳዋን በሚያላግጥ ጨዋታ ላይ አባቴ ሲስቅ አላየሁትም፤ እኔ ግን እስካሁን አላገጥኩ፣ ይቅርታ።

ፈላና በር

እኅቴ ደቻቱ ማዶ፣ ያልኩትን አንሥቻለሁ። ማረሙ ተፈቅዶልኝ ቢሆን አጠፋው ነበር።

ሐሮማያ

በሁለቱ ከተሞች መካከል ተቀምጬ ስለማስተምር፣ ሁለቱም ወገን በየሳምንቱ እየመጣ ይካሰስብኛል። እኔ የምሰጠው ፍርድ ሳይሆን ደንገጎ ላይ ያየሁትን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ይጠጋል፣ ደንገጎ ከሁለቱም ይበልጣል። ከተማ ለከተማ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ የሚል መንገድ ብቻ ሆኖ ሳለ ሁለት የተለያየ አየር አለ። ሚኒባሱ ከታች ወጥቶ መገንጠያው ላይ ሲቆም የድሬዳዋ ሰው ሸሚዙ ላይ ሹራብ ይደርባል፤ ከሐረር የመጣው ደግሞ እዚያው ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያጥፋል። ማን የየት ሰው እንደሆነ ለማወቅ መታወቂያ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ልብሱን በየትኛው አቅጣጫ እንደያዘው ማየት ይበቃል።

አነጋገራቸውን ግን መለየት አልችልም። ሁለቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ ይቀላቅላሉ፤ ሁለቱም «አቦ» ይላሉ፤ ሁለቱም ሽማግሌውንም ሕፃኑንም እኩል «አንተ» ብለው ይጠራሉ። የመሀል አገር ሰው ይህን ድፍረት ይለዋል፤ እዚህ ግን አንቱታ ሰውን ማራቅ ሆኖ ነው የሚሰማው። በነገራችን ላይ ፈላና በርና ደቻቱ ማዶ ከተጋጩ ወዲህ አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ጽሑፍ ላይ «እርስዎ» እየተባባላችሁ ነው። ቡና ላይ ብትገናኙ በሁለተኛው ቃል «አቦ አንተ» «አቦ አንቺ» ትባባሉ ነበር።

ደቻቱ ማዶ

አቦ ፈላና በር፣ በል እንግዲህ፣ ታርቀናል።

ፈላና በር

አቦ፣ ኑሪልኝ።

ዋሽንግተን ያለሁ

ከሩቅ አንዲት ነገር ላክል። እዚህ «የየት አገር ልጅ ነህ» ስባል ሐረር እላለሁ፤ የተወለድኩት ግን ድሬዳዋ ነው። ውሸት አይደለም፤ እኔ ስወለድ ሁለቱም በሐረርጌ ክፍለ ሀገር ሥር ነበሩ፣ ዋናው ከተማ ሐረር ስለነበር የልደት ወረቀቴም ሐረርጌ ይላል። ዛሬ ሐረሪ ራሷን የቻለች ክልል ናት፣ ድሬዳዋ ደግሞ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ነው፤ አንዷ በሌላዋ ላይ የምታዝዘው የለም። ልጄ ግን በዚህ ምክንያት አባቱ በጅብ ከተማ የተወለደ መስሎት ትምህርት ቤት አውርቷል። ጠያቂው ወንድሜ፣ እባክህ ልጆችህን መጀመሪያ የተወለድክበት ለገሃር ወስደህ «እዚህ ነው» በላቸው። ትርፏን ሌሊት ለፈለግህ ስጥ።

የሸሚኖ ልጅ

ይህ አሳማኝ ነው፤ እኔም ቁጥር መቁጠሬን ትቻለሁ። የሐረር ወገኖች ተቃውሞ አላችሁ?

መኪና ግርግር

የእናታቸውስ መወለጃ? እርሷም ሰው ናት።

የለገሃር ልጅ (ጠያቂ)

ተመልሰናል። የጠየቀ ሰው መልሱን ይዞ መምጣት ስላለበት የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ደንገጎ ስንደርስ ጉም ነበር፤ ከፊት ያለው መኪና መብራት እንኳ በግድ ይታያል። እኔ ምክንያቶቼን አዘጋጅቼ፣ ባለቤቴም የእርሷን አዘጋጅታ፣ ሁለታችንም የዚህን መድረክ ጽሑፍ በቃላችን ይዘን ተቀምጠናል። ሹፌሩ «ወዴት ነው?» ሲለን ትንሿ ልጄ ጥርሷ እየተንገጫገጨ «ሙቀት ወዳለበት» አለች። እንዲህ ሆኖ ነው ድሬዳዋ የቀደመችው፤ የእኔ ክርክር አንዲት ፍሬ አላስገኘም።

እኅቴ ቤት ገባን። ልጆቹን ለገሃር ወሰድኳቸው፤ ሐዲዱ ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ፣ ትልቁ «ባቡሩ የታለ?» ብሎ ጠየቀ፣ መልስ እስክፈልግ ድረስ የሙዝ ሻጭ አይቶ ሄደ። ማታ ደቻቱ ማዶ እንዳለችው ፍራሽ ግቢ ውስጥ ተዘረጋ። ትንሿ ከዋክብቱን ቆጥራ ሳትጨርስ ሙቀቱን አልቻለችውምና እንቅልፍ አጥታ አነጋች፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ወደ ጉሙ እንመለስ» እያለች እናቷን ትለምን ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ትስቅ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ሌሊት ለሐረር ሆነ።

ሐረር ላይ የመኪና ግርግርን ምክር ሙሉ በሙሉ ተከትለናል። ባለቤቴ ጨርቁን ከድሬዳዋ ገዝታ ይዛ ስለነበር ሰፊው ገና ሲዳስሰው «ይህ ከታች የመጣ ነው» አላት፤ ልጄን በዓይኑ ብቻ ለክቶ ልክክ ያለ ቀሚስ ሰፋላት። ጅቡንም አይተናል። ትልቁ ልጅ እንጨቱን ሊይዝ ፈልጎ በመጨረሻ ከኋላዬ ተደብቋል፤ ትንሿ ደግሞ «ለምን አንተ ይሉታል፣ ትልቅ ነው እኮ» ብላ ጠየቀች፤ ጅቡን ማለቷ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ለጉሙ ለብሳው ድሬዳዋ ላይ ያወለቀችውን የትንሿን ጃኬት እኅቴ ቤት ረስተነው ወጥተናል፤ ሐረር ላይ ሁለቱን ቀን በእናቷ ሻርፕ ተጠቅልላ ነው የዋለችው። ለእኅቴ ስደውልላት ጠዋት በሚወጣው የሐረር ሚኒባስ ለሹፌር ሰጥታ ልካዋለች። ሹፌሩ ሐረር ሲደርስ እኛ አዲስ አበባ ስለገባን ጃኬቱ አሁን ያለው በባለቤቴ አክስት ቤት፣ ነደባው ላይ ነው። እኅቴ «እኛ ጋ ይመለስ» ትላለች፤ አክስቷ ደግሞ «ለታኅሣሡ ቁልቢ ስትመጡ ከዚህ ትወስዱታላችሁ» ብላ አልሰጥም ብላለች።